ልክ ነው ያልከው ጎማ

ወንድምዬ፣ ጋሼ፣ የእናቴ ልጅ፣ እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ተወህ ወይ? መሪ ላይ ብዙ ስቀመጥ እግሬ ያብጣል ብለህ ነበር፣ አሁንስ? በደንብ ትበላለህ? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጆችህ አደጉ? እኛ ደህና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን። እማዬ ደህና ናት፣ ጉልበቷ ብቻ ነው እንጂ። ልጄ ድምቡሼም ደህና ናት፣ ሁለት ጥርስ አውጥታ ያገኘችውን ሁሉ ትነክሳለች። እኔም ደህና ነኝ። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ነው የምጽፍልህ፣ ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ቢመስልህ እሱ ነው እንጂ እስከ አራተኛ ክፍል የተማርኩትን አልረሳሁትም።

ልደውልልህ ነበር እኮ። ባለፈው በደወልክበት ስልክ ቁጥር፣ ባለቤቴ እንዳይሰማ ከባለሱቋ ስልክ ብደውል ቋንቋውን የማላውቀው ሰውዬ አንስቶ ጮኸብኝ፣ እኔም ደንግጬ ይቅርታ ጋሼ ብዬ ዘጋሁት። አንተ እስክትደውል ብጠብቅ ደግሞ ነገሩ ነገ ነው ወንድምዬ፣ ነገ ጠዋት ነው። ደብዳቤ ለነገ እንደማይደርስ አውቃለሁ፣ ያን ያህል ደንቆሮ አይደለሁም፣ ግን ለሰው ካልተናገርኩት ሆዴ ሊፈነዳ ነው፣ እማዬን እንዳልነግራት ያው ታውቃታለህ፣ ከእኔ ብሳ ትወድቅብኛለች።

ባለቤቴ ልብስ መስፋቱን እንደተወ ሰምተሃል። ያችን አሮጌ ፒካፕ ከያዘ ወዲህ ቁልቁለቱ ድንጋያም ነው፣ ሆዷን ይመታታል ብሎ ከሥሯ ብረት አስጨምሮ ከፍ አስደረጋት። እሱስ ደግ። ከፍ ብላ በድሮ ጎማዋ ስትቆም ግን ሰጎን መሰለችና ሰፈሩ ሳቀ። ጥግ ላይ የሚቆሙት ልጆች፣ ሰፊው፣ ሱሪዋ አጠራት እኮ፣ ጫፉን ፍታላት እንጂ እያሉ ይለክፉታል። ሰፊው የሚሉት እሱን ነው፣ አላልተህ አንብበው፣ የሚጠብቀው ጎማው ነው፣ ወደ እሱ እየመጣሁልህ ነው። አንተ ታውቀዋለህ፣ ከረሃብ ይልቅ ሳቅ ነው የሚገድለው። በነጋታው ጎማ ልንመርጥ ነው ተነሽ አለኝ፣ ድምቡሼን አዝዬ ተከተልኩት።

ጎሚስታው፣ ያ ወፍራሙ፣ ቱታው ከቅባት ብዛት ብቻውን የሚቆመው፣ ሦስት ዓይነት እያንከባለለ አወጣልን። አንደኛው ቀጠን ያለ ጎማ በተራ የብረት ቸርኬ፣ ቁልቁለቱን የሚመላለሱት ሾፌሮች ሁሉ የሚያስሩት፣ ሲያዩት የተላጠ ድስት ይመስላል። ሁለተኛው ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ሰፋ ያለ፣ ደህና የሚባል ነው። ሦስተኛው፣ ወንድምዬ ምን ልበልህ፣ ቸርኬው እንደ ጥቁር መስታወት ፊት ያሳያል፣ ወደ ውጭ ወጣ ያለ ነው፣ ጎማው የአዞ መንጋጋ፣ ከመሬት እስከ እማዬ ወገብ ይደርሳል። ባለቤቴ እሱን ሲያይ እኔን መጀመሪያ ቀን እንደዚያ አላየኝም።

ጎሚስታው መሃለኛው ይበቃሃል አለው። ይሄኛው ወጣ ስለሚል ብሎኑ ላይ ይከብዳል፣ መሪ ስታጥፍ ፓራፋንጎውን ይበላዋል፣ ጎማው ሲገዝፍ ደግሞ ፍሬንህ ያው የድሮው ነው አለው። ፓራፋንጎ ላንተ አይነገርም፣ ጎማውን ከላይ እንደ ክዳን የሚሸፍነው ቆርቆሮ ነው። ባለቤቴ ምን አደረገ መሰለህ? የስፌት ሜትሩን ከኪሱ መዠረጠ! እስካሁን እኮ ይዟት ነው የሚዞረው። መኪናዋ ባዶዋን ቀጥ ብላ እንደቆመች ከላይ ለካ፣ ከጎን ለካ፣ በጠመኔ ምልክት አደረገ፣ ከዚያ ቀና ብሎ፣ ይኸው አራት ጣት ትርፍ አለው፣ ጠባብ አይሰፋም እንጂ ሰፊ ቢጠብ ይጠባል አለ። ጎሚስታው ሳቀበት። ወንድሜ፣ ቆሞ የለካኸው ሱሪ ሰውዬው ቁጢጥ ሲል ይተረተራል፣ መኪናም ሲጭኗት ቁጢጥ ትላለች አለው። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ማልቀስ የነበረብኝ ያኔ ነበር።

ይሄኔ ነው አንተ የደወልከው። ያን ቀን ታስታውሰዋለህ? ድምፅህ ይቆራረጥ ነበር። እሱ ስልኩን ሁሉም እንዲሰማ ከፍቶ ቸርኬው እንዲህ፣ ጎማው እንዲያ፣ ትርፉ አራት ጣት እያለ ትንፋሽ ሳይወስድ ይነግርሃል፣ አንተ ደግሞ ከዚያ ጫፍ ልክ ነው፣ ልክ ነው፣ ልክ ነው ትላለህ። እኔ አውቅሃለሁ እኮ። ከልጅነትህ ሰው ሲያወራህ ልክ ነው ማለት ልማድህ ነው፣ እማዬ፣ ቤቱ ተቃጠለ ብለው ልክ ነው ይለኛል ትልህ የለ? ሰምቻለሁ፣ ቀጥል ማለትህ ነው። ለሰፊ ግን ልክ ማለት ልክ ነው። የትከሻ ልክ፣ የወገብ ልክ ሲል የኖረ ሰው እኮ ነው! ስልኩ እንደተቋረጠ ወደ ጎሚስታው ዞሮ፣ ሰማህ አይደል፣ የተሳቢ ሾፌር ነው፣ ባሕር ማዶ የሚነዳ ሰው ልክ ነው አለ፣ በል እሰር አለው። ጎሚስታውም እጁን ጠራረገና፣ እኔ ምን አገባኝ፣ ሙሽራውን የመረጥከው አንተ፣ እኔ ቀለበት ነኝ የማስረው አለ። የስፌት መኪናዋ ለጎሚስታው ሚስት ሄደች፣ የድሮ ጎማዎቹም በላይዋ ተመረቁ። መኪና ሰጥቶ ለመኪና ጫማ ገዛ ብሎ ሰፈሩ አዲስ ሳቅ አገኘ። እኔን ያላሳቀኝ ግን መመለሻ ማጣታችን ነው። ወደ ስፌቱ እንዳይመለስ የስፌት መኪናዋ የለችም፣ ወደ ድሮው ጎማ እንዳይመለስ ጎማው የለም።

ከዚያ ሞከርናት። ከእኔ ጋር ብሎኬት ማምረቻ የሚሠሩ ሦስት ሴቶችና እኔ ኋላ ተጭነን፣ ሜዳውን ዞር ዞር አደረገን። ቀጥ ባለው መንገድ እንደ አልጋ ናት፣ አልዋሽህም። ሲታጠፍ ግን ፍቅ፣ ፍቅ፣ ፍግግግ አለች፣ የተቃጠለ ጎማ ሸተተ። ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ። ሰፊው፣ ብብቷ ጠበባት፣ እጅጌዋን ልቀቅላት እያሉ። እሱ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ወረደ፣ የቆርቆሮ መቀስ ተዋሰና ፓራፋንጎውን ዙሪያውን ከረከመው። እዚህ ድረስ ጥሩ። ግን ወንድምዬ፣ የቀሚስ ጫፍ በየት ነው የሚታጠፈው? ወደ ውስጥ አይደል? እሱም የተቆረጠው ጫፍ አያምርም ብሎ ወደ ውስጥ አጥፎ፣ ልቅም አድርጎ ዘመዘመው። ከውጭ ስታየው ፋብሪካ የሠራው ይመስላል። ስለቱ ግን ወደ ጎማው ነው የዞረው።

ትናንት ውሃ ልደፋ ስወጣ ጎንበስ ብዬ አየሁት። የቀኙ የፊት ጎማ ትከሻው ላይ ቢላ እንደበላው ዳቦ ተተልትሏል፣ ጣቴን ሰደድኩበት፣ ጥፍሬ ተዋጠ። ይሄ እንግዲህ አራት ሴት ብቻ ጭኖ፣ ሜዳ ላይ ነው። ብነግረው፣ ጥርስ እያወጣ ነው፣ እንደ ልጅሽ በይው አለኝ። ለጎሚስታው እናሳየው ብለው ደግሞ ያ ወፍራም እንዲስቅብኝ ነው አለ። ለመንኩት፣ አኮረፍኩት፣ አለቀስኩ። በመጨረሻ ምን አለኝ? ከወንድምሽ አንቺ ታውቂያለሽ? ልክ ነው ብሏል እኮ! ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላሉ፣ ይበሉ፣ የእሱ መከራ ሲመክረው ግን እኔም ኋላው ተቀምጫለሁ።

ነገሩ ይሄ ነው። ወደ ማምረቻው የምታወርደን አውቶብስ ቀርታለች፣ በእግር ከሄድን ደግሞ በሩ ተዘግቶ ነው የምንደርሰው፣ አሠሪው ያረፈደ ሰው አያስገባም። ስለዚህ ነገ የመጀመሪያው ጉዞ ነው፣ ሴቶቹ በሙሉ ከሲሚንቶ ጋር ተጭነው ያንን ቁልቁለት፣ ያንን ሁሉ ጥምዝ። ሴቶቹም ሞኞች አይደሉም፣ ያ ፍቅ ፍቅ ገብቷቸዋል። ዛሬ ትልቋ፣ እትዬ የምንላት፣ በሁሉም ፊት ጠየቀችኝ፣ አንቺ ትገቢያለሽ አለችኝ። መልሴን ሳትጠብቅም፣ የሰው ሚስት ባሏ በሚነዳው ካልገባች እኛ ምን ቆርጦን፣ አንቺ ከገባሽ ግን እንገባለን አለች። ሁሉም አፌን አፌን አዩኝ። አልገባም ብል እሱን ሰፈር ለሰፈር ቀበርኩት፣ እነሱም ሥራቸውን አጡ፣ ድምቡሼም ነገ የምትበላውን አጣች። አዎ፣ እገባለሁ አልኩ። አየህ ወንድምዬ፣ እኔም እንዳንተ ልክ ነው አልኩ፣ አንተ ግን ሳታውቅ ነው።

ድምቡሼን ለእማዬ ትቻት እሄዳለሁ። እሱ ጋቢና አጠገቤ ነይ ብሎኛል፣ እኔ ግን ኋላ ከሴቶቹ ጋር ነው የምቀመጠው፣ ያመኑት እኔን ነውና። አሁን እንኳ የምጽፍልህ በዚህችው መኪና ጥላ ሥር ተቀምጬ ነው፣ ጥላዋስ ደህና ሰፊ ነው። እሱ በጨርቅ ቸርኬውን ይወለውላል፣ ያፏጫል ደግሞ። ሳየው ያሳዝነኛል፣ እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ስትደውል፣ መቼም ትደውላለህ፣ እንደምን ናችሁ እንኳ ሳትል ልክ አይደለም በለው። ሦስቴ በለው። ከአንተ ሌላ የሚሰማው የለም። እንደማይደርስ ባውቅም ልለምንህ።

ለባለቤትህ እጅ ነስቻለሁ በልልኝ፣ የላከችልኝን ሹራብ ነገ እለብሰዋለሁ፣ ጠዋት ቁልቁለቱ ላይ ይበርዳል። ትልቁን ልጅህን ግንባሩን ሳምልኝ፣ ትንሿን ጉንጭ ጉንጯን። እማዬ ልጄ ወገብህን አሙቅ ብላሃለች። ድምቡሼ ሰላምታዋን ወረቀቱን ነክሳ ነው የላከችው፣ ጠርዙ ላይ ያለው የእሷ ጥርስ ነው። ባለቤቴም፣ ወንድምሽን ሰላም በይው፣ ፎቶ እልክለታለሁ ይላል።

ረስቼ፣ ፖስታ ቤቱ ያለው ከቁልቁለቱ ሥር ነው፣ ከማምረቻው አጥር ጎን። ደብዳቤውን ደረቴ ውስጥ ከትቼ ነው የምወርደው። እንግዲህ ይሄን ካነበብክ ወርደናል ማለት ነው፣ እዚህ ላይ አንዴ ተንፍስ። በዚያችው መኪና መመለሳችንን፣ በማግስቱም ዳግም መውረዳችንን ግን ከዚህ ወረቀት አታገኘውም።

ታናሽ እህትህ
ከመኪናዋ ጥላ ሥር፣ ከቤታችን ደጃፍ
ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ወሩ በገባ በሁለተኛው ሳምንት