ስለ ተቆላው የዘር ገብስና በመስታወት ስለ ታሰሩት ሰባ አንድ ፍሬዎች

መጋቢት 18 ቀን
ፍራንክሊንተን፣ ኮሎምበስ

ለክቡር አቶ ጀማነህ
የጠፊ ዘሮችና ቅርሶች አዳኝ ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ዎርዝንግተን

ጉዳዩ፦ የላኩልኝን የምስጋና ደብዳቤ ከነምስጋናው ስለ መመለስ

ክቡር ሊቀ መንበር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለመላ አካልዎ፣ በተለይም ለጥርስዎ ጤንነትን እመኛለሁ። ጥርስዎን ለይቼ ያነሣሁበት ምክንያት ዝቅ ብሎ ይገለጻል። ቤተሰብዎ፣ ቢሮዎ፣ መኪናዎና በግድግዳዎ ላይ የተሰቀሉት የምስክር ወረቀቶች ሁሉ በደኅና እንዳሉ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ።

በማኅተም ያሸበረቀው ደብዳቤዎ ባለፈው ሳምንት ደርሶኛል። በጥር ወር ለተካሄደው «ዘርን ማዳን ሰውን ማዳን ነው» ለተሰኘው ዝግጅት ስላበረከትኩት አንድ ከረጢት ገብስ ካመሰገኑኝ በኋላ፣ እንግዶቹ እጅግ ስለ ወደዱት ለሚመጣው ዓመትም ሌላ ከረጢት እንዳዘጋጅ በትሕትና ጠይቀውኛል። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ኮሚቴ እንደማይቀልድ ዕድሜዬን ሙሉ ስለማውቅ፣ መልሱን በአደባባይ ለመስጠት ወሰንኩ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። እትዬ እናናዬ ዘንድሮ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ከሠላሳ ዓመት በፊት ወደዚህ ከተማ ሲሰደዱ፣ አባታቸው መንዝ ውስጥ ይዘሩት ከነበረው ጥቁር ገብስ ጥቂት በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው አመጡ። (የጉምሩክ ሰዎች ይህን ካነበቡ ሴትዮዋን ትተው መቀነቱን ይጠይቁልኝ።) ያ ገብስ ዛሬ በአባታቸው ማሳ የለም። የወንድማቸው ልጅ በስልክ እንደ ነገራቸው፣ አገሩ ሁሉ በሌላ ዘር ተይዟል። እኔ ደግሞ በሾርት ኖርዝ ሰፈር የመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ትኬት ስቆርጥ፣ ከቤተ መጻሕፍት እየተዋስኩ ያነበብኩት ስለ አዝርዕት ነበርና ዘሩን ከእርሳቸው ተረከብኩ። በየሁለት ዓመቱ ከቤቴ ጀርባ፣ ከአንድ አልጋ ብዙም በማይበልጥ መሬት እዘራዋለሁ፤ ወፍ እጠብቃለሁ፤ በእጄ አሽቼ እወቃዋለሁ። ዘር የሚድነው ሲዘራ ነው፤ ተቀምጦ የኖረ ዘር ያረጃል፣ ከዚያም እንደ ማንኛችንም ይሞታል። ይህን ለማወቅ ኮሚቴ አላስፈለገኝም።

በኅዳር ወር ክቡርነትዎ ከሁለት የኮሚቴ አባላትና ከአንድ ፎቶ አንሺ ጋር ቤቴ ድረስ መጥተው፣ ዘሩ በአንድ ሽማግሌ ጓሮ ብቻ መቅረቱ አደጋ መሆኑን ገለጹልኝ። ኮሚቴው ለአሥር ቤተሰብ አከፋፍሎ፣ አሥር ጓሮ ላይ አዘርቶ ያባዛዋል አሉኝ። እውነትዎን ነበር፤ እስከ ዛሬም ከነገሩኝ ሁሉ እውነት የነበረው ያ ብቻ ነው። እኔ ነገ ብወድቅ ገብሱም ከእኔ ጋር ይወድቃል። ስለዚህ የዓመቱን ምርት አስረከብኩ። ቅሬታዎቼ ከዚህ ይጀምራሉ።

1ኛ. ስለ ከረጢቱ። ዘሩን ያስረከብኩዎ በቡናማ የአስቤዛ ከረጢት ሲሆን፣ በሦስቱ ጎን በወፍራም ማርከር «ለዘር ብቻ» ብዬ ጽፌበት ነበር። አራተኛውን ጎን የተውኩት ማንበብ ለሚችል ሰው ሦስት ይበቃል ብዬ ነው። ክቡርነትዎ ግን ከረጢቱ ዘይት የነካው በመሆኑ ለፎቶግራፍ አይመጥንም ብለው፣ ገብሱን ወደ አንድ ባለ ጌጥ ስፌት ገለበጡና ከረጢቱን ከነጽሑፉ ጣሉት። ፎቶው አምሯል። እኔም አለሁበት፣ ዓይኔን ጨፍኜ። ስፌቱ ከፎቶው በኋላ በአዳራሹ ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ፣ ከሱፉና ከኦቾሎኒው አጠገብ ተቀመጠ። ብቸኝነት እንዳይሰማው ስላሰቡለት አመሰግናለሁ።

2ኛ. ስለ ቤተልሔም። የመስተንግዶ ንዑስ ኮሚቴ ኃላፊ የሆነችው ይህች ልጅ በዝግጅቱ ዋዜማ ከመጋዘን ሥራዋ ወጥታ፣ የደንብ ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ ወደዚያ ወጥ ቤት ገባች። ገብስ፣ ሱፍና ኦቾሎኒ ጎን ለጎን ተደርድረው አየች። የአገሬ ሰው እነዚህን ሦስቱን ጎን ለጎን ሲያይ የሚያደርገውን አደረገች፤ ቆላችው። በዝግጅቱ ማግሥት ኮል አድርጋልኝ፣ «ጋሼ፣ በማርያም፣ ሌብል አልነበረውም! ስፌቱን ገልብጬ ሁሉ ቼክ አድርጌያለሁ!» እያለች አለቀሰች። እስከ ዛሬ ይቅርታ የጠየቀችኝ እርሷ ብቻ ናት፤ ጥፋት የሌለባትም እርሷ ብቻ ናት። ክቡርነትዎ በበኩልዎ በቃለ ጉባኤው ላይ «በመስተንግዶ ክፍሉ በኩል ስለ ታየው ቸልተኝነት» የሚል ዐረፍተ ነገር እንዲሰፍር አድርገዋል። ለሰው ልጅ ርኅራኄ ሃያ ደቂቃ የተናገረ ሰው ለአንዲት ደክሟት ለመጣች ልጅ የግማሽ መስመር ርኅራኄ ማጣቱ፣ ርኅራኄ በእርግጥም ከሚጠፉት ነገሮች ተርታ መሆኑን በተግባር ያስተማረን ስለሆነ በዚህም እናመሰግናለን።

3ኛ. ስለ ንግግርዎ። ያን እሑድ ከሰዓት በኋላ ስላይዱ በደንብ እንዲታይ መጋረጃው ሁሉ ተጋርዶ ነበር። ስለ አውራሪስ ተናገሩ፤ ስለ ንብ ተናገሩ፤ ከዚያ ወደ ሰው ልጅ ተሻገሩና በዚያው ቀሩ። ኮሚቴው ባይኖር ኖሮ የትኛው ፍጥረት ዛሬ በሕይወት ሊኖር እንደሚችል አልገባኝም። በየወንበሩ ቆሎ በወረቀት ኩባያ ዞሮልን ነበር። «ይህ ዘር ለልጅ ልጆቻችን ይተላለፋል» ባሉ ቁጥር አዳራሹ ቀርጨም፣ ቀርጨም ይል ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው የታክሲ ሹፌሩ ጁነዲን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ ገብረየስ፣ ስብሰባው እንደ ወትሮው ነው፤ ቆሎው ግን ይለያል» አለኝ። እኔም ይለያል አልኩት። ሁለት እፍኝ ጨርሼ ሦስተኛውን አፌ ውስጥ እንደ ጨመርኩ በስክሪኑ ላይ የእኔ ገብስ ብቅ አለ፤ ጥቁር፣ ጠባብ፣ ጫፉ ሾል ያለ። በስክሪኑ ያለውን አየሁ። በመዳፌ የቀረውን በስልኬ መብራት አየሁ። አፍ ውስጥ የገባን የመጨረሻ ዘር መትፋት ይሻላል ወይስ መዋጥ ለሚለው ጥያቄ ካነበብኳቸው መጻሕፍት አንዱም መልስ የለውም። ዋጥኩት። ከዚያ ተነሥቼ ስጮህ፣ ክቡርነትዎ በደስታ የጮህኩ መስሎዎት «ለአርሶ አደሩ አባታችን አጨብጭቡልኝ» አሉ። ተጨበጨበልኝም። አርሶ አደር ሆኜ አላውቅም፤ ትኬት ቆራጭ ነኝ።

4ኛ. ስለ ራሴ። በሌላው ላይ የምፈርድ ሰው የራሴን አልደብቅም። ከምርቱ ለክፉ ቀን ብዬ አንድ ጠርሙስ ጋራዤ ውስጥ አስቀርቼ ነበር። ከአዳራሹ እንደ ተመለስኩ ሄጄ ሳየው ክዳኑን አላጠበቅሁትም ነበር፤ አይጥ ገብቶ ጨርሶታል። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሌላ ሰው አላመካኝም። አይጡን በተመለከተ ግን አንድ ነገር መመስከር እወዳለሁ፤ በላ እንጂ ንግግር አላደረገም፤ ፎቶ አልተነሣም፤ ሌላ ጠርሙስ እንዳዘጋጅለትም ደብዳቤ አልጻፈልኝም።

5ኛ. ስለ መስታወቱ። ገብሱ ከመቆላቱ በፊት ከስፌቱ ጥቂት ተቆንጥሮ በመስታወት ዋንጫ ውስጥ ታሽጎ፣ «ለዘር አዳኙ» የሚል ጽሑፍ ከሥሩ ተቀርጾበት፣ በዚያው ዝግጅት ላይ ኮሚቴው ለሊቀ መንበሩ፣ ማለትም እርስዎ የሚመሩት ኮሚቴ ለእርስዎ፣ ሸለመ። ይህን የሰማሁት ዘግይቼ ነው፤ ሽልማቱ ሲሰጥ እኔ ወጥ ቤት ውስጥ የመጥበሻውን ሥር እየፋቅሁ ነበር። እንደ ሰማሁ በሁለት አውቶቡስ ዎርዝንግተን መጣሁ። በቢሮዎ የእንግዳ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራው ቤኪ መልካም ልጅ ነው፤ ዋንጫውን ከመደርደሪያው አውርዶ አዙሮ አሳየኝ። በመነጽሬ አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ሰባ አንድ ፍሬ። ያልተቆሉ። በምድር ላይ ከዚያ ገብስ የቀረው፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ፣ ያ ነው።

ክቡርነትዎን ዋንጫውን እንዲሰጡኝ ስለምንዎ፣ ዋንጫው የኮሚቴው ንብረት ስለሆነ ለመክፈት ሙሉ ጉባኤ እንደሚያስፈልግ፣ ጉባኤውም የሚቀመጠው በሰኔ መሆኑን፣ ከዚያም በላይ ቢከፈት ውበቱ እንደሚበላሽ በእርጋታ አስረዱኝ። ገብስ ግን ቃለ ጉባኤ አያነብም። በዚህ አገር እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ካልተዘራ፣ ሳያፈራ የበጋው ሙቀት ይደርስበታል። ለሚመጣው ዓመት ይቆይ እንዳልል፣ ዋንጫውን ያቆሙት በመስኮቱ ፀሐይና በማሞቂያው መካከል ነው። ፍሬው እዚያ አንድ ዓመት ከቆየ ለዶቃ እንጂ ለዘር አይሆንም።

እነሆ አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ደረስኩ። እትዬ እናናዬ በየሳምንቱ ደውለው «ለአሥሩ ቤት ታደለ ወይ?» ይሉኛል። ሁለት ወር ሙሉ ጉልበቴን፣ በረዶውን፣ አውቶቡሱን እያነሣሁ ሸሸሁ። ዋሽቼ አላውቅም፤ ነገር ግን ሽሽትም የውሸት ታናሽ ወንድም ነው። ባለፈው እሑድ ቤታቸው ሄጄ ሁሉን ነገርኳቸው። እንደሚያለቅሱ፣ ወይም እንደሚረግሙኝ ጠብቄ ነበር።

«ጣፈጠ?» አሉኝ።

አዎ፣ አልኳቸው። ምን ልበል?

«ድሮም ይጣፍጣል። አባቴ ዘሩን ከገዛ ልጆቹ ደብቆ የሚያኖረው ለምን ይመስልሃል?» አሉና ስንት ፍሬ እንደ ቀረ ጠየቁኝ። ሰባ አንድ ስላቸው፣ «አዳምና ሔዋን ሁለት ነበሩ፤ ሰባ አንድ ምን አነሰው! ብቻ የሚበላ አታስጠጋበት፤ እነሱንም ያጠፋቸው መብላት ነው» አሉ። ከዚያም ቀና ብለው፣ ፋሲካ ላይ ቡቃያውን እንዳሳያቸው አዘዙኝ። ጥያቄ አልነበረም፤ ትእዛዝ ነበር። ሰማንያ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ሴት ለሚቀጥለው ፋሲካ የምትሰጠው ቀጠሮ እንደ ኮሚቴ ቀጠሮ አይተላለፍም።

ስለዚህ ክቡር ሊቀ መንበር፣ የምጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ቤተልሔምን የሚወቅሰው ዐረፍተ ነገር ከቃለ ጉባኤው ይነሣ። ዋንጫውም እስከ ቅዳሜ ይሰጠኝ። ባዶውን መስታወት አጥቤ፣ አድርቄ፣ ከነጽሑፉ እመልስልዎታለሁ፤ ለመደርደሪያዎ ጌጥ የሚሆን ነገር እንዳያጡ በውስጡ ሱፍ እጨምርበታለሁ። ሱፉ የተቆላ ይሆናል፤ ኮሚቴውን ይበልጥ ይገልጻል። የማይሰጡኝ ከሆነ ግን ቅዳሜ ጠዋት የመጀመሪያውን አውቶቡስ ይዤ መጥቼ በቢሮዎ የእንግዳ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ዳስ ውስጥ የተቀመጠ ሰው መቀመጥ እንደሚችልበት ይጠራጠራሉ ብዬ አላስብም። ስንቅ ይዤ እመጣለሁ። ቆሎ አይሆንም።

ለጠፊው ሁሉ ስለሚደክሙ፣ የሚደክሙለትም ሁሉ ስለሚጠፋ፣ ኮሚቴዎ ሥራ እንዳይፈታ ፈጣሪ ይርዳው እያልኩ፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ፣ ጉልበቴ እስከፈቀደው ድረስ ብቻ፣ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
ገብረየስ አሥራት
የቀድሞ ዘር ጠባቂ፣ የሦስት እፍኝ ተመጋቢ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ እናናዬ፣ ተነብቦላቸው እንዲስቁበት
ለቤተልሔም፣ አንገቷን ቀና እንድታደርግ
ጋራዤ ውስጥ ለሚኖረው አይጥ፣ ለመረጃ ያህል

በድጋሚ ያስታወስኩት፦ ዋንጫውን የሠራው ሰው ጋ ደውዬ ነበር። ሁለት መንገድ አለው ብሎኛል። ከሥሩ ያለው ማጣበቂያ በቀጭን ቢላ ዙሪያውን ቢፋቅ በግማሽ ሰዓት ይከፈታል፤ ወይም ትንሽ እሳት ቢያገኝ ወዲያው ይለቃል። እኔ እስክደርስ በቢላው ቢጀምሩልኝ ደስ ይለኛል። በእሳቱ ግን አደራ፣ እንዳይሞክሩት፤ እሳት እንደሚችሉበት ቀምሰናል።