የዲኑ ፀጉር

ለውድ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ያ ሲነሳብሽ እንቅልፍ የሚነሳሽ ወገብሽ እንዴት ሆነ? እማዬስ እንዴት ናት? መድኃኒቷን በሰዓቱ ትውጣለች ወይስ እንደ ልማዷ «ዛሬ ደህና ነኝ» እያለች ታልፈዋለች? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ናችሁ? እኔ ቀኑን ሙሉ ከመቆም ከሚያብጠው እግሬና ከእናንተ ናፍቆት በቀር የጎደለኝ ነገር የለም፤ ተመስገን።

ዝም ማለቴ እንዳስቀየመሽ አውቃለሁ። በመጨረሻው መልእክትሽ «የሰውየው አንገት በየሁለት ሳምንቱ በእጅህ ነው፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» ያልሽውን ሳነብ ብቻዬን ስስቅ ደንበኞቼ አበደ ብለው ነበር። ሳቄ ሲያልፍልኝ ግን ነገሩ ከነከነኝ። መልስ ያልሰጠሁሽ ጉዳዩ አንድ ነገር ላይ እስኪደርስ ብዬ ነው። አሁን ደርሷልና ከሥሩ ላጫውትሽ።

እንደምታውቂው ለዚያ የግል ዩኒቨርሲቲ ያመለከትኩት ነርሲንግ ለመማር ነው። የትምህርት ማስረጃዬን ይዤ ሬጅስትራር ስሄድ፣ በመስኮቱ የተቀበለችኝ ልጅ ከጽሑፍ ፈተናው በኋላ ቃለ መጠይቅ እንዳለ፣ ጠያቂዎቹን የሚመሩትም ዲኑ ራሳቸው መሆናቸውን ነገረችኝ። ዲኑ ማለት እኚያው፣ ስንት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ፀጉር ሊቆረጡ እየመጡ ከእኔ ወንበር ሌላ የማይቀመጡት ደንበኛዬ ናቸው። ደስ ብሎኝ ለአንቺ ጻፍኩልሽ፤ አንቺም ዓይንህን በጨው አጥበህ ንገረው አልሽኝ። የፀጉር ቤቱ ሰው ሁሉ ያንቺ ወገን ሆነ። አለቃዬ ምላጩ ጉሮሯቸው ላይ ሲደርስ ጠይቃቸው እያለ ይቀልድ ነበር። አጠገቤ የሚሠራው ባልደረባዬማ የምናገረውን ቃል ሳይቀር አዘጋጅቶልኝ ነበር።

እኔ ግን፣ እትዬ፣ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። አሁን ያለሽበት መሥሪያ ቤት በፈተና አንደኛ ወጥተሽ ስትቀጠሪ ሰፈሩ «በዘመድ ነው የገባችው» ብሎ ያወራብሽን ማለቴ ነው። ዘመድ ቀርቶ የምናውቀው ዘበኛ እንኳ አልነበረንም። ጓዳ ገብተሽ ያለቀስሽው ለቅሶ እስከ ዛሬ አንጀቴን ይበላዋል። ባንቺ ላይ በሐሰት የተወራው በእኔ ላይ እውነት እንዲሆን አልፈለግኩም።

ስለዚህ ዲኑ በተከታዩ ቅዳሜ መጥተው ሊቀመጡ ሲሉ፣ ለጊዜው ሌላ ጋ ቢቆረጡ ይሻላል አልኳቸው። ምን አጠፋሁ አሉኝ። ምንም አልኩ። ምክንያቱን እንዳልነግራቸው፣ መንገሩ ራሱ ልመና ሊሆንብኝ ነው። ባልደረባዬ እኔ ልቁረጥዎት ቢላቸውም እሺ አላሉትም፤ ጆሯቸው ቀልቶ ኮታቸውን አንስተው ወጡ። ከመንገዱ ማዶ፣ ሰፈሩ «ጥድፊያ» ብሎ የሚጠራው ቆራጭ ቤት ሲገቡ በመስኮት አየኋቸው። አለቃዬ ራሱን ይዞ፣ ደንበኛም ዩኒቨርሲቲም በአንድ ቀን አባረርክ አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈርቼ ነበር። ያስቀየምኩት ሰው ነገ ጠያቂዬ ነው። ቢሆንም ዘንድሮ ቢበላሽብኝ ለከርሞ ደግሜ አመለክታለሁ ብዬ ጥርሴን ነክሼ ማጥናቴን ቀጠልኩ።

የጽሑፍ ፈተናውን አለፍኩ። የቃለ መጠይቁ ዕለት ጫማዬን ወልውዬ ገባሁ። ረጅም ጠረጴዛ፣ ሦስት ሰዎች፤ ዲኑ መሃል ላይ ናቸው። ጥድፊያ እንደ ስሙ ሠርቶላቸዋል፤ የግራው ጎን ከቀኙ ጋር ጨርሶ አይተዋወቅም። ሲያዩኝ እጃቸው ወደዚያው ወደ ተበላሸው ጎን ሄደ። ከዚያም፣ ይህ ሰው ፀጉር ቆራጬ ስለነበር እኔ አልጠይቀውም፣ ነጥብም አልሰጠውም ብለው ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አሸሹ።

የጠየቁኝ መነጽር ያደረጉ ሴት መምህርት ናቸው። ፀጉር ቆራጭ በዚህ ዕድሜው ነርስ መሆን ለምን ይፈልጋል አሉኝ። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝና የአባባን ነገርኳቸው። አልጋ ላይ በዋለበት ጊዜ ፂሙን እየላጨሁ ፊቱን ሙሽራ ሳስመስለው ጀርባው ለካ እየቆሰለ ነበር። እንዳይደክም እያልን አላገላበጥነውም፤ ማገላበጥ እንደሚያስፈልግ የነገረን ሰው አልነበረም። ይህን ለሌላው ቤት የሚነግር ሰው መሆን እፈልጋለሁ አልኩ።

ልወጣ ስል ዲኑ ከመስኮቱ ዞር ብለው፣ አልቆርጥም ያልከኝ ለዚህ ነበር እንዴ አሉኝ። አዎ፣ ዶክተር አልኩ። መምህርቷ የዲኑን ራስ አየት አድርገው መነጽራቸውን እስኪያወልቁ ድረስ ሳቁ።

ውጤቱ ከትናንት በስቲያ ተለጠፈ። ስሜ አለ፣ እትዬ! በማታው ክፍለ ጊዜ ገብቻለሁ። ከኋላዬ የቆመች ልጅ ጋሼ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ እስክትለኝ ድረስ ደጋግሜ አነበብኩት። እንግዲህ ቀን መቀስ፣ ማታ ደብተር ሊሆን ነው። እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ አልመለስም።

ዛሬ ጠዋት ዲኑ መጡ። ሰላምታ ሰጥተውኝ ወንበሬ ላይ ተቀመጡና፣ አሁንስ ይፈቀዳል አሉኝ። ጨርቁን አንገታቸው ላይ አሰርኩ። ሁለቱን ጎን ለማመሳሰል ከሥሩ ማሳጠር ነበረብኝ። በመስተዋት ራሳቸውን አይተው፣ እስኪያድግ ድረስ ባርኔጣ አድርጌ ነው የማስተምርህ አሉኝ።

ባለቤትሽን አክብረሽ ሰላም በይልኝ። ትልቋን ልጅሽን ከእንግዲህ አጎትሽም ተማሪ ነው፣ ማን እንደሚበልጥ እናያለን ብሏል በያት። ትንሹን ፀጉሩን እኔ እስክመጣ ማንም እንዳይነካው አደራ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ነጩን ጋውኔን ከእሱ ሌላ ሰው እንደማይሰፋልኝ ይወቅ። እማዬን በእኔ ፋንታ አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ልጅሽ ማንን ይዞ ገባ ብለው ሲጠይቋት፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ማንንም ትበላቸው። አንቺም ከጎኗ ቆመሽ በያቸው፤ ያኔ ጓዳ ገብተሽ ያልመለስሽላቸውን ጭምር።

የምወድሽ ታናሽ ወንድምሽ

ከፀጉር ቤቱ፣ ከመስተዋቱ ፊት
ቅዳሜ፣ ጥቅምት ፱ ቀን