አሮጊቷ አልነሳ ስትል

ውድ አባዬ፣

መኪናህ አልነሳ አለችኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ድምፄን ሳላሰማህ ቆይቼ በዚህ መጀመሬ እንደሚያስቅህ አውቃለሁ። ግን ካንተ ሌላ ማንን ልጠይቅ? አንተ ደግሞ ከሞትክ ይኸው ሦስት ወር ሆነህ። ለቀብርህ እንኳ አልደረስኩም።

እማዬ ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ፣ "መቃብሩ ጋ በራሱ መኪና ውሰጂኝ። በሰው መኪና ሄጄ አላየውም" አለችኝ። ታውቃታለህ፣ አንዴ ካለች አለች ነው።

ጋራዡን ስከፍት "አሮጊቷ" እያልክ የምትጠራት መኪናህ አቧራ ተከናንባ ቆማለች። ጎማዎቿ ተንፍሰዋል፤ የኋላ ወንበሯ ውስጥ አይጥ ወልዳለች። እኔ ከሄድኩ ወዲህ አንድ ቀን እንዳላስነሳሃት እማዬ ነገረችኝ። ኮፈኑን ከፈትኩና "ከመፍታትሽ በፊት አሽትቺ" የምትለኝን አደረግኩ። ነዳጁ የቤንዚን ሳይሆን የግድግዳ ቀለም ይሸታል። ቀድቼ ደፋሁትና አዲስ ሞላሁ። ካርቡራተሩን ፈትቼ አጠብኩ፣ ጎማዎቿን ነፋሁ፣ አዲስ ባትሪ ገጠምኩ። ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ ይሽከረከራል፤ መነሳት ግን ወይ ፍንክች። አንዱን ካንዴላ ነቅዬ፣ እሳት ይጭር እንደሆነ ለማየት ብረት ላይ አስደገፍኩና እማዬን "አዙሪው" አልኳት።

"ምን ሆነች?"

"እሳት የላትም።"

"ያንቺን ትንሽ ብታካፍያት ይበቃት ነበር" አለች።

እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢውተር ከፈትኩት። መሐሉ ባዶ ነው። ሮተሯ፣ ያቺ አውራ ጣት የምታክል ተሽከርካሪ ዕቃ፣ የለችም። ማን እንዳወጣት ለማወቅ ጠንቋይ አላስፈለገኝም።

አሮጊቷን ሳላስፈቅድህ ወስጄ ከግድግዳ ጋር ያጋጨኋት ቀን አልመታኸኝም፤ አልጮህክብኝምም። ምናለ በጮህክብኝ! ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ማታ ማታ ሮተሯን እያወጣህ፣ አይኔ እያየ፣ ሸሚዝህ ኪስ ውስጥ ትከታት ጀመር። "ቁልፉ አይበቃም? ሌባ አደረግከኝ እኮ!" ስልህ የመለስክልኝ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። "ቁልፉ ለሌባ ነው። ይቺን ያወጣሁት ላንቺ ነው።" ሁለት ወር ታግሼ ቤቱን ጥዬ ሄድኩ።

"ሞተህም ትቆልፍብኛለህ ማለት ነው?" አልኩህ፣ እዚያው ጋራዥ ውስጥ፣ ጮክ ብዬ። ከዚያ ቁም ሳጥንህን ከፍቼ ኪስህን አንድ በአንድ በረበርኩ። የእርሳስ ቁራጭ፣ ሁለት ቡሎን፣ የሳል ከረሜላ አገኘሁ። ከረሜላውን ሳይ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ለእማዬ በደወልኩ ቁጥር ያ ሳልህ ከአጠገቧ ይሰማኝ ነበር። አንድ ቀን "እስቲ አባዬን ስጪኝ" አላልኩም። መጀመሪያ እሱ ይጥራኝ እያልኩ። አንተም እሷ ትጥራኝ ስትል ኖረህ ይሆናል። የማን ልጅ ሆኜ!

እማዬ ልብስህ መሐል ተቀምጬ ስነፋረቅ አገኘችኝ። ቀሚሴን አየችና፣ "ውይ፣ በግሪስ ጨረስሽው እኮ! ቱታሽን ለብሰሽ አትሠሪም?" አለች።

"የትኛውን ቱታ?"

"ያንቺን ነዋ! ጋራዡ በር ጀርባ ሰቅሎልሻል። በየዓመቱ ያሳጥበኝ ነበር። ኪሱን ግን ራሱ ነው የሚፈትሸው፣ ራሱ ነው የሚቆልፈው። እኔን አያስነካኝም።"

ሮጥኩ። ሰማያዊው ቱታዬ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። የደረት ኪሱን ቁልፍ ፈታሁ። ሮተሯ ዘይት በነካ ጨርቅ ተጠቅልላ ውስጡ አለች፤ ዝገት እንኳ አልነካትም።

አባዬ፣ ለካ ያለ እኔ እንዳትነሳ አድርገህ ነው ያስቀመጥካት።

በሦስተኛው ሙከራ ተነሳች። ጭሷ ጋራዡን ሞላው፣ እማዬ እያሳላት ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። ቱታዬን ሳላወልቅ እማዬን ወሰድኳት። መቃብርህ ላይ ቁጭ ብላ ስለ ጣሪያው ማፍሰስ ሳይቀር አወራችህ። እኔ ግን አፌ ተሳስሮ ከኋላዋ ቆምኩ። ለዚህ ነው አሁን የምጽፍልህ።

"ይቅር በለኝ" ለማለት ሰባት ዓመት ሙሉ ስልክ በእጄ ነበረ። ይኸው ዛሬ አልኩህ፦ ይቅር በለኝ። አንተማ በሮተሯ ቀድመህ ብለኸኝ ኖሯል፤ ምናለ ቀደም ብዬ መጥቼ የቱታዬን ኪስ ባየሁ።

ባለ ቱታዋ ልጅህ