ሰሚራ ዝም ያለችባቸው ቀናት

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ጫማውን ያገኘሁት ገና በሩን ስከፍት ነው። የልጅ ጫማ፤ የግራ እግር፣ ቡናማ፣ ማሰሪያው የተበጠሰ። ያመጣው ሰው አጥቦታል፤ ጫፉንም ወደ ቤት አዙሮ አስቀምጦታል። ጉሙ አሰበ ተፈሪ ከተማን ስለዋጣት ከአምስት እርምጃ በላይ አይታይም። ማንም የለም።

ሰሚራ ስታየው አላለቀሰችም። አንሥታ አጠለቀችው። ልኳ ነው።

አባቷ በበደሳ መንገድ ላይ የተገደለ ዕለት ቡና ተክል ውስጥ ተደብቃ ያመለጠችው በአንድ እግር ጫማ ነበር። ገዳዩን አይታዋለች። ከዚያ ወዲህ ቃል አልወጣትም። ስምንት ዓመቷ ነው። ዓርብ ፍርድ ቤት ትቀርባለች፤ የታሰረው የቀን ሠራተኛ ገዳዩ መሆን አለመሆኑን በጣቷም ቢሆን ታመለክታለች። እስከዚያ በዚህ ኪራይ ቤት የምጠብቃት እኔ ነኝ። የቀጠሩኝ የገለምሶው አጎቷ አቶ አብደላ ናቸው።

ያለኝ፦ ሽጉጥ፣ አራት ጥይት፣ አንድ የሚሰማ ጆሮ። ግራውን ኮንጎ ጥዬው መጣሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

ገዛኸኝ ምሳ አመጣልን። ኮንጎ አብረን ዘምተናል፤ አሁን ቡና መጋዘን ሚዛን ላይ ይሠራል። ለአቶ አብደላ የጠቆመኝ እሱ ነው። ሰሚራ አልጋ ሥር ገባች። ሰው ሲመጣ ሁልጊዜ እንደዚያ ናት።

ስለ ጫማው ነገርኩት። «የሰፈር ልጆች ይሆናሉ» አለ። «ዓይንህ ደም መስሏል። አንተ ጋደም በል፣ እኔ ልጠብቃት።»

እምቢ አልኩ። ልቤ ግን ተመኘው። እንቅልፍ ካየሁ ሦስት ቀኔ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

ተሸነፍኩ። ቀትር ላይ ገዛኸኝን አስቀምጬ ወንበር ላይ አሸለብኩ። ስነቃ ተንበርክኮ፣ ጉንጩን መሬት ላይ አድርጎ፣ ወደ አልጋው ሥር ያያል። አይናገርም። አይንቀሳቀስም። ፈገግ ብሏል።

«ምን ትሠራለህ?»

«እያጫወትኳት።»

የቤቱ ባለቤት እትዬ አስካለ ደጅ እህል ባያሰጡ ኖሮ... ማሰብ አልፈልግም።

እንደሄደ ጎትቼ አወጣኋት። በረዶ ሆናለች። ወደ ደህናው ጆሮዬ ተጠግታ «ኢሳ ዻ» አለች በኦሮምኛ። እሱ ነው። የመጀመሪያ ቃሏ ይኸው ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13

ሰሚራ ስለ ገዛኸኝ ያለችውን ጽፌ በእትዬ አስካለ እጅ ለዳኛው ላክሁ። በሩን ቀረቀርኩ። በምሳ ሰዓት ገዛኸኝ አንኳኳ።

«በልተናል» አልኩ።

«ማን ሰጥቷችሁ?»

አልሄደም። በበሩ ሥር እግሮቹ ይታያሉ። የቆሰልኩ ጊዜ ተሸክሞ ያወጣኝ በነዚያ እግሮች ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመ። ሽጉጡን ይዣለሁ። ሰሚራ ዓይኗን ከእግሮቹ አልነቀለችም። ከዚያ የሉም። መሄዱን አልሰማሁም።

ዓርብ፣ ኅዳር 14

በጉም ውስጥ አዝያት ወጣሁ። መሐል መንገድ አንገቴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ለካ በግራዬ ኮቴ ይከተለናል። በዚህ ዕድሜዬ ሮጥኩ።

ችሎቱ ላይ ገዛኸኝ እንደ ወዳጅ ከፊት ተቀምጧል፤ ያለ ከልካይ። ዳኛው የታሰረውን አሳዩዋት። «አይደለም» አለች። ዞራ ጣቷን ገዛኸኝ ላይ ቀሰረች።

ፖሊሶቹ ሲወስዱት ባጠገቤ አለፈ። «የጠቆምኩህ እኮ ደክመህ አይቼ ነው» አለኝ፤ እንደ ቀልድ። የቀን ሠራተኛው ወለሉን ስሞ አልነሣ አለ።

አቶ አብደላ እጄን ያዙ። «አስር አለቃ፣ አላህ ይስጥልን። እስክትረጋጋ ገለምሶ ከእኛ ጋር ይቆዩ።»

እሺ አልኩ። ገዛኸኝ ለምን እንደገደለ አልተናገረም። ብቻውን ይሁን አይሁን አላውቅም። ሰሚራ ትከሻዬ ላይ አፏን ከፍታ ተኝታለች። የገለምሶው አውቶቡስ መጣ፤ ልቀሰቅሳት አልፈለግሁም።