ነጭ ጨርቅ ለብሶ ስለሚኖረው ቫኪዩም፣ ለክቡር ዋና ሥራ አስኪያጃችን

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል እያልኩ፣ በተለይ የአፍንጫዎን ጤንነት አጥብቄ እጠይቃለሁ። ባለፉት ወራት በገዛ ቢሮዎ ውስጥ በመሐረብ ተሸፍኖ የከረመ አፍንጫ ስለሆነ፣ እሱ ደህና ከሆነ የቀረው አካልዎ ደህና እንደሚሆን አምናለሁ። እኔ ሁለተኛውን ፎቅና የእርስዎን ቢሮ የማጸዳ ሠራተኛ ነኝ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ እርስዎ ሳይገቡ ገብቼ እርስዎ ሳይደርሱ ስለምወጣ መልኬን ላያውቁት ይችላሉ። አጻጻፌ ከጽዳት ሠራተኛ የማይጠበቅ ከመሰለዎ ምስጋናው የእርስዎ ነው፤ ጨምድደው ቅርጫት ውስጥ የሚጥሏቸውን ረቂቅ ደብዳቤዎች እያቃናሁ በማንበብ የተማርኩት ነው። «በአክብሮት እናሳስባለን» የሚለውን ሐረግ የት እንደሚያስገቡትና መቼ እንደሚሰርዙት አሳምሬ አውቃለሁ።

ይህን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ሰኞ ለሠራተኛው የታደለው መጠይቅ ነው። ከስምንት ወር በፊት የተገዛው ውድ የአቧራ መሳቢያ ቫኪዩም ለወጣበት ዋጋ የሚገባ መሆን አለመሆኑን ሠራተኛው እንዲናገር፣ ከዚያም ለቀሩት ቅርንጫፎች እንዲገዛ ማሰብዎ የሚያስመሰግን ነው። መልስ መስጫዎቹ ግን ሁለት ብቻ ሆነው አንዱ «ጠቃሚ ነው»፣ ሌላው «እጅግ በጣም ጠቃሚ ነው» ስለሚሉ፣ የእኔ መልስ ደግሞ በሁለቱም አልገባ ስላለኝ፣ በዚህ ደብዳቤ ዘርግቼ ለማቅረብ ተገድጃለሁ። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግኩትም እትዬ ፏ የተዋረዱበት ወረቀት መግቢያው ሰሌዳ ላይ ለአላፊ አግዳሚው ግልጽ ሆኖ ስለተለጠፈ ነው።

እትዬ ፏ ማለት የሦስተኛው ፎቅ ጽዳት ሠራተኛ ናቸው። ወለል ወልውለው ሲጨርሱ ወገባቸውን ይዘው ቀና ይሉና «ፏ!» ስለሚሉ ስሙ ከእሳቸው ጋር ቀረ፤ በእውነተኛ ስማቸው የሚጠራቸው የእገዳ ደብዳቤዎ ብቻ ነው።

አንደኛው አቤቱታዬ ስለ ምረቃው ቀን ነው። ቫኪዩሙ ቀይ ሪባን ታስሮለት በስብሰባ አዳራሹ መካከል ሲቆም፣ ከሻጩ ዘንድ የመጣው ባለሙያ ደረቅ አቧራ ብቻ እንደሚስብ፣ እርጥብ ነገር እንዳይነካ፣ በሆዱ ያለው ከረጢትም ሲሞላ ወጥቶ እንዲጣል ሁለት ጊዜ አስረድቷል። እርስዎ በዚያ ሰዓት ስልክ ላይ ነበሩ። ከዚያ ሪባኑን ቆረጡ፣ ኬክም ተቆረሰ። አንድ ትልቅ ቁራሽ ከነክሬሙ ምንጣፉ ላይ ወደቀ፣ የምክትልዎም አንድ ብርጭቆ ወተት ተከተለው። እኔና እትዬ ፏ ጨርቅ ይዘን ስንጎነበስ «ተዉት፣ የጨርቅ ዘመን አለፈ» ብለው ከለከሉንና ቱቦውን በራስዎ እጅ ይዘው ኬኩንም ወተቱንም፣ በአጠገቡ የወደቀውንም የሪባን ቁራጭ አስዋጡት። ማሽኑን አንዴ ትን አለው፣ ከዚያ ዋጠ። አዳራሹ አጨበጨበ። ሳያጨበጭብ የቀረው ባለሙያው ብቻ ነበር።

ሁለተኛው በማግስቱ ያወጡትን ትእዛዝ ይመለከታል። ዕቃው ውድ ስለሆነ ዕቃ ቤት ሊያድር እንደማይገባው፣ ከእርስዎ ወንበር ጀርባ ነጭ ጨርቅ ለብሶ እንዲቀመጥ፣ ያለ እርስዎ የጽሑፍ ፈቃድ ማንም እንዳይነካውና ሆዱን እንዳይከፍተው አዘዙ። ነጩን ጨርቅ በሳምንት ሁለት ጊዜ አጥቤ የምተኩሰው እኔ ነኝ። ሊያጸዳልን የመጣ ዕቃ ራሱ ጽዳት ሠራተኛ ተመደበለት ማለት ነው።

በእርስዎ ምንጣፍ ላይ የሚሆነውን ደግሞ፣ ነውር ካልሆነብኝ፣ ላስታውስዎ። የእግር ጥፍርዎን ጠረጴዛዎ ሥር ይቆርጣሉ። ጥፍር ምንጣፍ ጠጉር ውስጥ ከገባ መጥረጊያ አይዘውም፤ ተንበርክኬ በጣቴ አንድ በአንድ እለቅመዋለሁ፤ አውራ ጣትዎንም ከትንሿ ጣትዎ ለይቼ አውቃለሁ። ጆሮዎን የሚኮረኩሩበትን ስቴኪኒም፣ አፍዎ ውስጥ ጣዕሙ አልቆበት ወንበሩ እግር ላይ የሚለጥፉትን ማስቲካም እንዲሁ። ይህን ሁሉ ሳደርግ የዘመኑ ማሽን ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ነጭ ለብሶ ያየኛል። ተጸይፌ እንደሆነ ቢጠይቁኝ፣ አዎን፣ ተጸይፌያለሁ።

ማሽኑ የሚበራው ትልልቅ እንግዶች ሲመጡ ነው። በዚያ ቀን እትዬ ፏ ከሦስተኛ ፎቅ ወርደው ያግዙኛል፤ ሁለታችን ምንጣፉን በመጥረጊያና በእርጥብ ጨርቅ እንከን እስኪያጣ እናጸዳዋለን፤ እንግዶቹ ሲገቡ እርስዎ ጨርቁን ይገልጡና የጸዳውን ምንጣፍ ያጸዱታል። እኛ በዚያን ጊዜ ከበሩ ጀርባ ነን።

ሦስተኛ፣ ሽታው። ከምረቃው በሦስተኛው ሳምንት ቢሮዎ መሽተት ጀመረ። መጀመሪያ አይጥ ሞቶ ይሆናል ተብሎ አናጢ መጣና ኮርኒሱን ገነጠለ። ቀጥሎ ቧንቧ ሠራተኛ መጥቶ የመጸዳጃ ቤትዎን ወለል ቆፈረ። ቀጥሎም የጸሐፊዎ ሽቶ ተጠረጠረ፣ ምስኪኗ ያለ ሽቶ መምጣት ጀመረች፣ ሽታው ግን መጣ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉታል አባቶች። ከዚህ በኋላ ነው አምስት አባላት ያሉት የሽታ መንስኤ አጣሪ ኮሚቴ በማቋቋም በመሥሪያ ቤታችን ታሪክ ያልታየ ሥራ የሠሩት።

ኮሚቴው ሰነፍ ነበር አልልም። ሽታው እንግዳ በሚመጣ ቀን እንደሚብስ በትክክል አስተውሏል። ማሽኑ ከፊት እየሳበ ከኋላው ሞቅ ያለ ንፋስ እንደሚተፋ፣ ያም ንፋስ በኬኩ ላይ አልፎ እንደሚመጣ ግን ለማንም አልታየም፤ ውድ ዕቃ ይሸታል ብሎ የሚያስብ ሰው እዚህ ቤት አልተቀጠረም። ስለዚህ ቃለ ጉባኤው እንዲህ አለ፦ እንግዳ በሚመጣ ቀን ሽታው ይብሳል፤ እንግዳ በሚመጣ ቀን የሦስተኛ ፎቋ ጽዳት ሠራተኛ ወደ ቢሮው ይገባሉ፤ ስለዚህ የሽታው ምንጭ እሳቸው ናቸው። አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አልሰጠሁትም፤ ከሌሎቹ ጋር አንድ ሰልፍ ላይ ላቆመው አልቻልኩም።

ኮሚቴው ማስረጃ ለማሰባሰብ እትዬ ፏን ጠራቸው። መወልወያቸውን አሸተቱ። ባልዲያቸውን አሸተቱ። ከዚያ ጋዋናቸውን እንደለበሱ በአዳራሹ መካከል አቁመው፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ ኮሌታቸውን በብዕር ጫፍ ገለጥ አድርጎ አሸተተ፤ ሌሎቹም ተራ በተራ ቀረቡ። የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት ናቸው፤ ልጅ ድረው የልጅ ልጅ ያዩ፣ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀራቸው። እጃቸውን ወደ ታች ዘርግተው፣ ዓይናቸውን መስኮቱ ላይ ተክለው ቆሙ። እኔ ሻይ ብርጭቆ ለመሰብሰብ ገብቼ አይቻለሁ፤ አይቼም ብርጭቆዬን ይዤ ወጥቻለሁ። ለዚህ ዝምታዬ የማዝነውን ያህል ለእርስዎ አላዝንም።

በማግስቱ «በግል ንጽሕና ጉድለት» ከሥራ መታገዳቸውን የሚገልጽ ወረቀት ማህተም አርፎበት መግቢያው ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። እነሆ ስድስት ሳምንት ሆነው። እሳቸው ታገዱ፣ ሽታው ግን አልታገደም፤ ኮሚቴውም ለዚህ ማብራሪያ አላጣም፤ ሽታቸው ግድግዳው ውስጥ ሰርጎ ነው አለ። እቤታቸው ልጠይቃቸው ብሄድ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ገላቸውን እንደሚታጠቡ ልጃቸው ነገረችኝ። በረኪና ጠብ እያደረጉበት የታጠቡት ክንዳቸው ተላልጧል። አውቶቡስ ውስጥ ሰው አጠገብ አይቀመጡም፤ በር ላይ ቆመው ይሄዳሉ። የልጅ ልጃቸውን ማቀፍ ትተዋል። ልወጣ ስል እጄን ይዘው «ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ እሸታለሁ እንዴ?» አሉኝ። ሠላሳ ዓመት የሰው ቆሻሻ ያጸዱ ሴት ናቸው ይህን የጠየቁኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ትእዛዝዎን ጣስኩ። የበሩን ጥበቃና ጸሐፊዎን ምስክር አድርጌ ነጩን ጨርቅ ገለጥኩ፣ የማሽኑንም ሆድ ከፈትኩ። ጸሐፊዎን እንዳይቆጡ፣ እጇን አላስነካሁም። ጥበቃው ጦር ሜዳ ውሎ የመጣ ሰው ነው፤ ወጥቶ ከአበባው መደብ ጀርባ የበላውን ሁሉ መለሰ። ከረጢቱ ተነፍቶ ላብ አልቦታል። ኬኩ ጠጉር አብቅሏል፤ ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ጥቁር ነው። ወተቱ እንደ ሙጫ ይዝለገለጋል። የሚንቀሳቀስ ነገርም ነበረበት፤ ምንነቱን ለማወቅ አልቆየሁም። ከመካከሉ በመቀስ የቆረጡት የቀይ ሪባን ቁራጭ ብቅ ብሏል። ኬኩ የከረጢቱን አፍ ስላጠበበው አቧራ ግን አልሳበም፤ አንድ ጭብጥ እንኳ። በስምንት ወር ውስጥ ይህ ማሽን የበላው የራሱን የምረቃ ኬክ ብቻ ነው።

አሁን ወደ መጠይቅዎ ልመለስ፣ ማሽኑ ለዋጋው ይገባል ወይ? ሆዱን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄ፣ ካርቶኑ ውስጥ ሳይነኩ ከተቀመጡት ስድስት ከረጢቶች አንዱን አስገብቼ፣ ቢሮዎ ምንጣፍ ላይ አስነሳሁት። ምንጣፍዎ ሰማያዊ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ግራጫ መስሎኝ ስጠርገው ኖሬያለሁ። ጥፍሩንም አልተወም። ሳልንበረከክ፣ ሳላስነጥስ፣ በሩብ ሰዓት ጨረስኩ፤ ስጨርስም እትዬ ፏ ትዝ አሉኝ። ሠላሳ ዓመት አቧራ የጠጣው ደረታቸው ማታ ማታ እንደ አሮጌ በር ነው ሲጢጥ የሚለው። ይህ ዕቃ በእሳቸው እጅ ቢሆን ኖሮ ብዬ አለቀስኩ። ስለዚህ መልሴ ይገባል የሚል ነው፤ ጥሩ ዕቃ ነው፣ እግዜር ይስጥልን። ለቅርንጫፎቹ ሲገዙ ግን እባክዎ ነጭ ጨርቅ አብረው አይግዙ፤ ለሚጠርጉት ሰዎች ያስረክቧቸው።

የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው። ያ ወረቀት ከሰሌዳው ይነሳና በዚያው ቦታ፣ በዚያው መጠን፣ በዚያው ማህተም፣ ሽታው የእትዬ ፏ እንዳልነበረ የሚገልጽ ሌላ ይለጠፍ፤ ወደ ሥራቸውም ይመለሱ። ከዚያ ወዲያ ትእዛዝ በመጣስ የሚገባኝን ቅጣት ቆሜ እቀበላለሁ። ጋዋኔንም ማሽተት ካስፈለገ ታጥቦ ተዘጋጅቷል።

የመሐረብዎ ዘመን እንዲያጥር፣ አፍንጫዎም ወደ ቀድሞ ማዕረጉ እንዲመለስ ከልብ እየተመኘሁ፣ በየማለዳው ከጥፍርዎ ጋር የምገናኝ ታዛዥዎ፣

የሁለተኛው ፎቅ ጽዳት ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለሽታ መንስኤ አጣሪ ኮሚቴ አምስቱ አባላት
ለእትዬ ፏ፣ ቤታቸው
ለመግቢያው ሰሌዳ

ማስታወሻ፦ አሮጌው ከረጢት ለዚህ ደብዳቤ አባሪ መሆን ነበረበት፤ መዝገብ ቤት ግን አልቀበልም አለኝ። ስለዚህ ሪባኑን ሳላወጣ በስስ ፌስታል ቋጥሬ ቢሮዎ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ያ ወረቀት ከሰሌዳው በተነሳ ሰዓት መጥቼ አወጣዋለሁ። የት እንዳስቀመጥኩት ከዚያ በፊት ማወቅ ከፈለጉ ኮሚቴ ያቋቁሙ።