በሳነቴ ሜዳ ላይ የከመርነው ድንጋይ

ጎባ፣ ጥር ፲፬ ቀን ፲፰፻፺፪ ዓ.ም.

ለምናፍቅዎ እናቴ ለወይዘሮ እኅተማርያም፣

የመንዝ ብርድ እንዴት ይዞዎታል? እኔ ልጅዎ ጤና አልተነፈግሁም፤ ተመስገን።

ባለቤቴ ብዙነህ እንዴት እንደ ሞተ እንድነግርዎ በነጋዴዎቹ ልከውብኛል። የሚጽፉልኝ መምሬ ገብረ መድኅን ናቸው፤ ሳለቅስ ብዕራቸውን አስቀምጠው ይጠብቁኛል።

ከጎባ በላይ ሳነቴ የሚሉት ዛፍ የማይበቅልበት ሰፊ ሜዳ አለ። ብዙነህ ባለፈው መጋቢት ከሜዳው ማዶ ካለው ከሪራ ጫካ ማር ገዝቶ ሲመለስ ጉም ወረደበት። መንገዱ ጠፋው፤ ውርጩ ገደለው። ያገኙት የሪራ ሰዎች ናቸው። እስላሞች ናቸው እናቴ፤ እኛም አገራቸውን በጦር የያዝን ነን። ግን በቃሬዛ ተሸክመው ያን ሁሉ መንገድ አምጥተው ለቤተ ክርስቲያን አፈር አበቁልኝ። ውለታቸውን በምን አፌ ልንገርዎ!

ከአርባው በኋላ ሌላ ሰው እንዳይጠፋ ብዬ ጎረቤቴን ፈለቀችን ይዤ ወጣሁ። ጉም ውስጥ እንዲታይ በመንገዱ ዳር ድንጋይ እየከመርን ሄድን። የሰፈሩ ሰው ማንም ሳያዘው ተከተለን። የጦር አለቃችን ሰምተው «ገባር ልስደድልሽ?» ቢሉኝ እጅ ነስቼ እምቢ አልሁ።

አንድ ቀን ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ፣ ቃሲም የሚባሉ ሽማግሌ፣ መጥተው ቆመው አዩን።

«ትእዛዝ ነው?» አሉኝ።

«አይደለም አባባ። ለብዙነህ ብዬ ነው።»

«ትእዛዝ ቢሆን ዞር ስትሉ እናፈርሰው ነበር። ለቅሶ ከሆነ ግን እኛም ከወዲያ እንጀምራለን።»

ጀመሩም። ኅዳር ላይ መሐል ሜዳው ላይ ተገናኘን። ሴቶቻቸው ወተት ሰጡን። «ገለቶማ» ብዬ በኦሮምኛ ባመሰግናቸው አነጋገሬ አሳቃቸው፤ እኔም ከስንት ጊዜ በኋላ አብሬ ሳቅሁ። አሁን ነፋስና ከብት የሚያፈርሰውን እነሱ ከወዲያ እኛ ከወዲህ እየወጣን እንጠግናለን።

ባለፈው ሳምንት የቃሲም ምራት ሕፃን አዝላ ስትመጣ ያው ጉም ወረደባት። ከቁልል ወደ ቁልል እየዳሰሰች ጎባ ገባች፤ እኔው ቤት አደረች። ሕፃኗን ተቀብዬ እሳት ዳር ሳሞቃት እጆቿ እንደ በረዶ ነበሩ። ከዚያ ሞቁ።

እናቴ፣ እንድመጣባት የላኩልኝ በቅሎ በደኅና ደርሳለች። ለነጋዴዎቹ መልሼ ሰጥቻታለሁ፤ የሪራ ማር ጭናለች። ደጅ ወጥተው ሲጠብቁ ማሩን ብቻ ቢያገኙ አይዘኑብኝ። ከክረምት በፊት የሚጠገነው ብዙ ነው።

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ምርቃትዎ እዚህ ተራራ ድረስ ይድረሰኝ።

ልጅዎ ወለተኢየሱስ