ሠላሳ ሁለተኛው ሽቦ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤ ከሩቅ አገር ሆነህ ጤናህ እንደምን ነው? እኛ ደህና ነን። የሬዲዮ አንቴናህም እንደ ባለቤቱ ግትር ብሎ ቆሟል።

ባለፈው እሁድ አባዬ ኳስ ሲያይ ቴሌቪዥኑ ተቆራረጠበት። «የልጅሽ ብረት ነው» ብሎ እማዬ ላይ ጮኸና መጥረቢያ ይዞ ወጣ። ሬዲዮው እንኳ አልተከፈተም ነበር፤ ግን ማን ደፍሮ ይንገረው። የአንቴናውን ምሰሶ እሳት እስኪተፋ ቀጠቀጠው። እምቢ ሲለው፣ ድምፅ ሩቅ እንዲደርስ ብለን ከሥሩ ዙሪያውን ከቀበርናቸው ሠላሳ ሁለት የመዳብ ሽቦዎች ወደ ኩሽና የሚሄደውን ከነአፈሩ መንጭቆ አወጣው። አፈሩ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ሰደብኩት፤ በልቤ ነው ታዲያ።

ሽቦው የወጣበትን ቦይ መልሼ ደፍኜዋለሁ። አንድ ሽቦ ቢጎድል ብዙም አይጎዳም ብለኸኝ የለ፣ እውነትህን ነው፤ በሠላሳ አንዱም ድምፄ ሩቅ ይሰማል።

እማዬ ክንዷን ስላመማት ነው ዛሬ በእሷ ፋንታ እኔ የምጽፍልህ። ጀርባዋም ላይ ቀጫጭን ሰንበር አለ። «ሽቦው ጠልፎ ጥሎኝ ነው» ትላለች፤ እኔም እሺ አልኳት። ሰው እንዳይጠልፉ ብለህ ሁሉንም ሁለት ጣት ያህል ከአፈር በታች ያስቀበርከን ግን አንተው ነህ።

የተነቀለውን መልሼ ልቀብረው ፈልጌ ነበር። አባዬ ጠቅልሎ ከመኝታ ቤታቸው በር ጀርባ ሰቅሎታል። «አትንኪው፣ ሥራ አለው» አለኝ።

እማዬ «በጣም ደህና ነኝ በይው» ብላሃለች። አታስቸግሪው ስላለችኝ ና አልልህም። ከመጣህ ግን ሽቦ መቁረጫህን እንዳትረሳ።

ናፋቂህ፣ ታናሽ እህትህ